ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት ናፍጣውን እዩት፦ ቆሞ ስለከረመ ናፍጣ ሞተር ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ቆሞ የከረመ ናፍጣ ሞተር ስለማስነሳት የተጻፈው ጽሑፍ መጀመሪያ የደረሰኝ ከሐይቅ ከተማ ነው። ደንበኛዬ የሆኑ አንድ አባት ልጃቸው አንብቦላቸው፣ «አንተ የምትለው ሌላ፣ እዚህ የተጻፈው ሌላ፤ ማንን እንመን?» ብለው አስላኩልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ያንኑ ጽሑፍ ከኮምቦልቻ አንድ የአይሱዙ ሾፌር፣ ከመርሳ ደግሞ መስኖ የሚያለማ አንድ ወዳጄ ላኩልኝ። እንዲያም ሆኖ ዝም ልል ነበር። በኋላ ግን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ጋራዤ ረዳቴ አንዱን ፒካፕ ገና ሳያስነሳው «ጋሼ፣ የዚህ ሞተር እንኳ መውረዱ አይቀርም» አለኝ። ከየት እንዳመጣው ስለገባኝ ብዕር አነሳሁ።

ነገሩ ለዓመታት ቆሞ ስለከረመ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ነው፤ ሲያስነሱት የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያነክስ፣ ነጭ ጭስ የሚተፋ። በወሎ ይህ የአንድ ሁለት ሰው ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ጎማና ባትሪው ወልቆ ግቢ ጥግ የተተወ መኪና፣ ባለቤቱ የተሰደደበት የወፍጮ ሞተር፣ መለዋወጫ ጠፍቶለት የቆመ የውሃ ፓምፕ ዛሬም ገና እየተነሳ ነው። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር አይገርምም።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ስለማይተን ቢከርምም አይበላሽም፤ በላዩ አዲስ ጨምሮ ማስነሳት ይበቃል ይላሉ። አልነሳ ካለ አየር መሳቢያው አፍ ላይ ቤንዚን የነካ ጨርቅ መያዝ፣ ያም ካልሆነ ቁልቁለት ላይ ለቅቆ በማርሽ ማስነሳት። ተነስቶ ከተንቀጠቀጠ ኢንጄክሽን ፓምፑ (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው) ደርቋልና ወርዶ ይታደስ። ነጭ ጭስ ካለው ወይ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ወይ ፒስተኑ አልቆለታልና ሞተሩ ይውረድ። የሚያነክሰው ትንሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ አድርጎ ረጅም መንገድ መንዳት ነው፤ ራሱ ይጠራል ባይ ናቸው። ለዚህ ሁሉ መሠረት ያደረጉት ሐሳብ አለ፦ አዲስ መኪና ሕመሙን በኮምፒውተር ይናገራል፣ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ግን ካልፈቱት አይናገርም የሚል።

የተለያየነው እዚህች ላይ ነው። አሮጌ ናፍጣ ሞተር ይናገራል፤ እንዲያውም ከአዲሱ ይልቅ በግልጽ። የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ንጹሕ ናፍጣ በሰዓቱ፣ በቂ አየር፣ አየሩን አምቆ የሚያግል ደህና ሲሊንደር። ሲንቀጠቀጥ ከሦስቱ አንዱ ጎድሎበታል ማለት ነው። የትኛው እንደጎደለ ለማወቅ አንድ 17 ቁልፍ፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ክንድ የሚያህል ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቱቦና አንድ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ።

የሚገባቸውን አስቀድሜ ልስጣቸው። ባትሪውን መጀመሪያ እዩ ማለታቸው ልክ ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በብልጭታ ሳይሆን ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው በሚፈጠረው ሙቀት ነው፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየተጎተተ ከዞረ ሙቀቱ ሳይጠራቀም በሲሊንደሩ ግድግዳ ያልቃል። በደከመ ባትሪ ምክንያት ሞቷል ተብሎ የተፈረደበት ሞተር ብዙ አይቻለሁ። የከረመው ዘይት ይቀየር ማለታቸውም ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ የዘይት መለኪያውን ስትስቡ አሽትቱት። ደረጃው ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗልና ሳይቀየር አታስነሱ።

ወደ ናፍጣው እንምጣ። በቀላሉ አይተንም፣ እውነት ነው። አይበላሽም ግን ሐሰት ነው። ናፍጣ ከአየር ጋር ሲቆይ ያረጃል፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይሠራል። በደንብ የተቀመጠ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ቢቆይ ብዙም አያሳስብም፤ ሦስት ዓመት ግን ሌላ ወሬ ነው። ታንኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ ከቆመ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይመጣል። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ እየተፈራረቀ በባዶው ክፍል ያለው አየር እርጥበቱን በቆርቆሮው ላይ ያንጠባጥባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ሥር ይወርዳል። ከዚያ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ወለል ላይ ባክቴሪያና ፈንገስ ናፍጣውን እየበሉ ይራባሉ። ትተውት የሚሄዱት እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ጥቁር ነገር ነው። በዚህ ላይ አዲስ ናፍጣ መጨመር ማጥራት ሳይሆን መበጥበጥ ነው፤ ሥር ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነሳና ወደ ፊልትሮ ጉዞ ይጀምራል።

የሐይቁ አባት መኪና ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አሳይቶኛል። ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለው። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤታቸው ጀርባ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ሲያስነሱት ግቢው እስኪናወጥ ተንቀጠቀጠ። ያየው ባለሙያ ፓምፑ ወርዶ ይታደስ ብሎ የሁለት በሬ ዋጋ ጠየቃቸው። እኔ ስወርድ ቡና ቀርቦ ስለነበር ጊዜውን ተጠቀምኩበት። ከታንኩ ሥር ካለው ማፍሰሻ አንድ ጠርሙስ ቀድቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ።

አቦል ሲጠጣ ጠርሙሱ ከላይ እስከ ታች ድፍርስ ነበር። ቶና ላይ ከሥሩ መስመር ማውጣት ጀመረ። በረካ ሲቀዳ ሦስት ፎቅ ሠርቷል፤ ከላይ ጥቁር ሻይ የመሰለ ናፍጣ፣ መካከል ላይ ቀጭን ዝልግልግ፣ ከሥር ሁለት ጣት የሚሞላ ውሃ። አባትየው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩና «ይህን አጠጥተነው ነው እንግዲህ ለምን አመመህ የምንለው?» አሉ።

«አብሽሩ፣ ገና ፓምፑ ጋ አልደረስንም» አልኳቸው።

ታንኩ ወረደ፣ ታጠበ። ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቱቦ ጫፍ ላይ የተገጠመው ወንፊት በዚያ ጥቁር ነገር ተለስኖ ነበር። ፊልትሮ ተቀየረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፦ አንድ ፊልትሮ አይበቃም። በቱቦዎች ውስጥ የቀረው ቆሻሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጠርጎ ይመጣል፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛውን መቀየር ግድ ነው። መኪናው ተሻሽሎ ሄዶ በሳምንቱ ተመልሶ ሲያነክስ «ድሮም ፓምፑ ነበር» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ፊልትሮ ሳይቀየር ስለሚቀር ነው።

ስለ ታንክ ካነሳሁ የመርሳውን ወዳጄን ሳልጠቅስ አላልፍም። የመስኖ ፓምፑ ሞተር በደንብ ይነሳል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። በጽሑፉ መሠረት ይህ ደርቆ ሲግል የሚጣበቅ ፓምፕ ነው። በስልክ የነገርኩት ሲጠፋ የታንኩን ክዳን ክፈት፣ ጆሮህንም አስጠጋ የሚል ነበር። ሲከፍተው ፍስስ ብሎ አየር ሳበ። የክዳኗ መተንፈሻ ቀዳዳ ላይ ተርብ በጭቃ ቤቱን ሠርቶበታል። ናፍጣ እየተሳበ አየር ስላልተተካ ታንኩ በራሱ ታፍኖ ነበር። ጥገናው አንድ የሽቦ ስንጣሪ ፈጀ።

አሁን ፓምፑ ይውረድ ወደሚለው። ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ልቆይበት።

እንደዚህ ባሉት ሞተሮች ላይ ናፍጣውን ከታንክ ድረስ የሚስበው ኢንጄክሽን ፓምፑ ራሱ ነው። ስለዚህ ከታንክ እስከ ፓምፕ ያለው ቱቦ፣ የፊልትሮው ጎማ፣ የእጅ ፓምፑ ሁሉ እየተመጠጠ ነው የሚሠራው። የሚመጠጥ ቱቦ ሲሰነጠቅ ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል፣ ጠብታ የለም። «ቱቦው ደህና ነው፣ እንግዲህ ፓምፑ ነው» ይላል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህች «እንግዲህ» ነው።

አየር እንደ ናፍጣ አይደለም፤ ሲገፉት ይታመቃል። ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን) ለመክፈት ከ100 ባር በላይ ግፊት ይፈልጋል። ፓምፑ ናፍጣ ገፋሁ ብሎ አረፋ ከጨመቀ ያ ግፊት አይደርስም፤ ያ ሲሊንደር ያን ዙር ሳይተኩስ ያልፋል። ቀጣዩ ዙር ላይ አረፋው ሌላው ሲሊንደር ጋ ይደርሳል። ሾፌሮቻችን «አየር ሠርቷል» የሚሉት ይህን ነው። አየር የሠራ ሞተር መንቀጥቀጡ ሥርዓት የለውም፤ አሁን ይብሳል፣ አሁን ይቀላል። ጠዋት ብዙ አሽከርክሮ የሚነሳ፣ በእጅ ፓምፕ ጥቂት ሲገፉለት ግን ወዲያው የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንክ ተመልሶበታል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ስላለ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፓምፑ መግቢያ ላይ ያንን ውስጡ የሚታይ ቱቦ መቀጠልና ሞተሩ እየሠራ ማየት። ሐይቅ ላይ ቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ናፍጣ እንደ አምቦ ውሃ ይፍለቀለቅ ነበር። ቀጥሎ ታንኩንና መስመሩን ሁሉ ትተን አምስት ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገን ሰቀልን፤ መግቢያውን ከዚያ አገናኘን። መመለሻ ቱቦውንም ወደዚያው ጀሪካን መክተት ያስፈልጋል። ይህ ሲረሳ ጀሪካኑ በመመለሻው በኩል ወደ ታንኩ ይገለበጥና ፈታኙን ግራ ያጋባዋል፤ እኔም በጀማሪነቴ ተሞኝቼበታለሁ። በእጅ ፓምፕ አየሩን አስወጥተን ስናስነሳው ሞተሩ ግማሽ ደቂቃ አጉረመረመና ድምፁን ለወጠ። የሁለት በሬ ዋጋ የተጠየቀበት ያው ፓምፕ ቦታው ላይ እንዳለ ነው።

ጥፋተኛው ከታንኩ ጀርባ የምትሄድ አንድ ስንዝር የጎማ ቱቦ ነበረች። ተገጥማ ሳለች ምንም አይታይባትም። ፈትቼ ሳጥፋት እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጠቀች። አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለች፤ «ፓምፑ ነው» ብሎ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሷን አጥፎ ያያል።

ፓምፕ አይበላሽም እያልኩ አይደለም። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ውሃ ያለበት ናፍጣ ውስጥ የከረመ ፓምፕ ሊዝግ ይችላል። የውስጥ ጎማዎቹ ደርቀው አዲስ ናፍጣ ሲገባ ከክዳኑ ወይም ከነዳጅ መስጫው ዘንግ ሥር ማንጠብጠብ የሚጀምርም አለ። ጸሐፊው እንዲህ ያለ አጋጥሟቸው ይሆናል። ንጹሕ ናፍጣ ከጀሪካን እየጠጣ፣ ቱቦው ውስጥ አንድ አረፋ ሳይታይ፣ ኖዝሎቹም ተፈትሸው አሁንም ሁሉም ሲሊንደር የሚያነክስ ከሆነ እኔም ፓምፑን አውርጄ ወደሚጠግኑት እልካለሁ። ክርክሬ ከተራው በፊት አይጠራ ነው።

ካልፈቱት አይናገርም ለሚለው ደግሞ ዋናው መልሴ ይኸው። የሐይቁ ፒካፕ ናፍጣውም አየሩም ተስተካክሎ ሲያበቃ ትንሽ ያነክስ ነበር። ይህ ግን የቅድሙ ዓይነት አይደለም፤ ሥርዓት ነበረው፣ እንደ አንካሳ በቅሎ እርምጃ ድው፣ ድው፣ ድው፣ ከዚያ አንድ ጎደሎ። ሥርዓት ያለው መንቀጥቀጥ ማለት ሁልጊዜ አንዱ ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ እያለ የአንደኛውን ኖዝል ቱቦ ዳዶ በ17 ቁልፍ ግማሽ ዙር አላላሁት። የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ሲሠራ የነበረን ሠራተኛ አስቆምኩ ማለት ነው፤ መልሼ አጠበቅሁ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እንዲሁ። አራተኛውን ሳላላው ምንም አልተለወጠ። ቀድሞም ሥራ ላይ አልነበረማ።

አራተኛው መሆኑ ታወቀ፤ ለምን የሚለው ይቀራል። የአራተኛውንና የሁለተኛውን ኖዝል አለዋወጥኩ፤ ሮንዴላዎቹን (ከሥሩ የሚገቡትን ማሸጊያ ቀለበቶች) አዲስ አድርጌ፣ አሮጌው ሲመለስ ያስተነፍሳልና። ሞተሩ ሲነሳ ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ሄዷል። ሕመሙ ከኖዝሉ ጋር ከተጓዘ በሽተኛው ኖዝሉ ነው። አራተኛው ላይ ቢቀር ኖሮ ቫልቭ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የፓምፑ የአራተኛ መውጫ እያልን ወደ ውስጥ እንገባ ነበር። መፈተሻው ላይ ሲታይ ያ ኖዝል እንደ ጉም መርጨት ሲገባው እንደ ጀበና አፍ ይፈስ ነበር። አንድ የኖዝል ጫፍ ተቀየረለት። ኮምፒውተር አልተሰካም፣ ሞተርም አልወረደም።

ይህን የምትሞክሩ ሰዎች፦ የላላው ዳዶ ላይ ጨርቅ ጣሉበት፣ መነጽር አድርጉ፣ እጃችሁን ፈጽሞ አታስጠጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ፍተሻ ለአሮጌ ሞተር ብቻ ነው። ኮመን ሬይል በሚባለው አዲስ ሞተር ላይ ግፊቱ ከ1,000 ባር ሊበልጥ ስለሚችል እየሠራ ቱቦ ማላላት ከሞት ጋር መጫወት ነው።

ነጭ ጭስ ሲያዩ ሞተር ለማውረድ የሚቸኩሉትን በተመለከተ፣ ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ይሸታል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይቀንሳል። ሁለተኛው የውሃ እንፋሎት ነው፤ ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲታይ አረፋ እየገፋ ይመጣል። ጓርኒሲዮን የሚያስጠረጥረው ሁለተኛው ነው። ራዲያተሩን ግን ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክፈቱት፣ ከዚያ አስነሱት።

የመጀመሪያውን ዓይነት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የሞተ ማሞቂያ ካንዴላ (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ነው። ከቆቦ የመጣ አንድ ሃይሉክስ ነበር። እዚያ በአንድ ዙር ይነሳል። ደሴ ባደረ ማግስት ግን ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በስንት መከራ ተነሳ። ባለቤቱ በመንገድ ላይ ሞተሩ የተሰነጠቀ መስሎት ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነች፣ ሞቃት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነች፣ የጠዋት ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ አንድ አራተኛ ያህል ይጎድላል። የሚታመቀው አየር አነስ ብሎ፣ ቀዝቅዞም ሲጀምር መጨረሻ ላይ የሚገኘው ሙቀት ያንሳል። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት አውልቄ በመፈተሻ አምፖል አንድ በአንድ ነካሁ፤ አምፖሉ የሚበራበት በሕይወት ያለው ነው። ከአራቱ ሁለቱ አላበሩም። ቆቦ ላይ ሁለቱ ይበቁት ነበር፣ ደሴ ላይ አልበቁትም። በጽሑፉ ምክር ቢኬድ ያ ሰው ቴስታታ አስወርዶ ሁለት ካንዴላ ባስቀየረ።

በቤንዚን ጨርቅ ስለማስነሳት ብዙ አልልም። ይነሳል ወይ? አዎ፣ አንዳንዴ ይነሳል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ፓምፑ በወሰነው ሰዓት ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከአየሩ ጋር አስቀድሞ ገብቶ፣ እነዚህ ሞተሮች አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ሲያምቁት ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ባሻው ሰዓት ይፈነዳል። ፋሻ የሚሰበረው እንዲህ ነው። ማሞቂያ ካንዴላው ግሎ ሳለ ከሆነ ደግሞ እሳቱ በአየር መሳቢያው ወደ ያዡ እጅ ሊመለስ ይችላል።

ቁልቁለት ላይ ለቅቆ ማስነሳት የሚለው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሦስት ዓመት የቆመ ሞተር መጀመሪያ የሚዞረው በእጅ ነው፤ ካንዴላዎቹ ወልቀው፣ የፊቱ ፑሊ ቡሎን ላይ ቁልፍ ገብቶ፣ ሁለት ሙሉ ዙር። አንዱ ቫልቭ ዝጎ ቢጣበቅ ወይም ፒስተን ላይ ውሃ ቢኖር እጅ ይሰማዋል፣ ይቆማል። ቁልቁለት የሚወርድ ሁለት ቶን ብረት አይሰማም፤ ያጣምማል። የዋን ኤች ዜድ የታይሚንግ ቺንጋም (ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍተው) ላስቲክ ነው፤ መኪናው ቆሞ ኪሎ ሜትር ባይቆጥርም ዓመት ይቆጥራል። ይህን ሁሉ እንተወውና ሞተሩ ባይነሳስ? የፍሬኑ ማገዣ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ በሚገኘው ቫኪዩም ነው። ለዓመታት ባልተነካ ፍሬን፣ ያለ ማገዣ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ውስጥ ጸሐፊው ራሳቸው ይቀመጣሉ ብዬ አላምንም።

ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ረጅም መንገድ መንዳት በሚለው ላይ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። ናፍጣው ንጹሕ ከሆነ፣ አየር ከሌለ፣ ሁሉም ሲሊንደር የሚተኩስ ከሆነ፣ ጭነት ላይ መሥራቱ የተጣበቀ ፋሻን ያላቅቃል፣ የኖዝል ጫፍ ላይ ያለ ጥላሸትን ያቃጥላል። እኔም ደንበኞቼን ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ተመለሱ እላለሁ፤ ሽቅቡ የማንም ጋራዥ የማይሰጠውን ሕክምና ይሰጣል። ሚኒሞ መጨመር ግን ምንም አያድንም፣ ማነከሱ እንዳይሰማ ይሸፍናል እንጂ። ውሃ ያለበት ናፍጣ ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ ደግሞ ደህና የነበሩትን ኖዝሎችም መጨረስ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ጥቁር ጭስን ነው። ቆሞ የከረመ መኪና ጥቁር እያጨሰ ጉልበት ካጣ ስለ ኖዝል ከማሰብ በፊት የአየር ፊልትሮውን ቤት ክፈቱት። አንዴ የጤፍ ጭድ፣ የጆንያ ክርና አምስት የአይጥ ግልገል አውጥቻለሁ።

የውርጌሳውን ወፍጮ ሳልናገር ብቀር ደግሞ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ሦስት ክረምት ተዘግቶ ቆይቷል። በእጅ አዙረነው ያለ ችግር ዞሮልን ነበር። ናፍጣው ተቀየረ፤ መንቀጥቀጡ አልቀረም። ከጀሪካን ጠጣ፣ አረፋ የለም፣ ያው ነው። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ሳላላ ሦስተኛው አልመለሰም። ኖዝሉን አዛወርኩ፤ ሕመሙ አልተዛወረም፣ እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ። የናፍጣ ኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚያሳይ) አስገባን፤ ሦስቱ ሲሊንደሮች 27 ባር አካባቢ ሲሰጡ ሦስተኛው 11 ላይ ቆመ። ቴስታታው ሲነሳ የጭስ ቫልቩ መቀመጫ ተበልቷል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የጣት ውፍረት ያለው የዝገት ቀለበት አለ። የጭስ ማውጫው ጣሪያውን በስቶ ወደ ሰማይ የሚያይ ቀጥ ያለ ቧንቧ ነው፣ ክዳን የለውም። ሞተሩ ሲቆም የጭስ ቫልቩ ተከፍቶ የቀረው የሦስተኛው ሲሊንደር ስለነበር የሦስት ክረምት ዝናብ በዚያ ገብቷል።

ሞተሩ ወረደ። ጸሐፊው በዚያ ቀን አጠገቤ ቢሆኑ «አላልኩህም?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ቡና እጋብዛቸው ነበር። አሁን ወፍጮው ይፈጫል። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ የባለቤቱ ልጅ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቧንቧው ላይ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ይደፋበታል።